ዲንን ማን ያስተምረን? ከቱርክ የመቶ ዓመት ታሪክ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለዚህ የተባረከ ቀን በሰላም ላደረሰን አላህ ምስጋና ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከወጣቶች ጋር በተቀመጥን ቁጥር አንድ ቁጭት ይነሳል። «ኡስታዝ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ዲን ቢሰጠን ኖሮ እኮ እንዲህ አንሆንም ነበር» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «ሕዝቡ ሁሉ ሙስሊም በሆነበት አገር ብወለድ ኖሮ ዲኔን ጠንቅቄ አውቅ ነበር» ይላል። ቁጭቱ ይገባኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሒሳብና ፊዚክስ ተምረን፣ ለቁርኣን የተረፈችው የቅዳሜና የእሁድ ጠዋት ብቻ ነበረች። እሷም ብትሆን የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ «ለጊዜው ይቆይ» ተብላ ትታጠፋለች። ብዙዎቻችን ያቺን «ለጊዜው» እስካሁን አልጨረስናትም።

ከቁጭቱ ሥር ግን አንድ ግምት ተቀምጧል። ዲን የሚጠፋው መንግሥት ስለማያስተምረው ነው፤ የሚመለሰውም መንግሥት ሲያስተምረው ነው የሚል ግምት። ይህ እውነት ነው? በዚህ ጉዳይ ላይ በባዶ መከራከር አያስፈልገንም። በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ በሩን ዘግታም ከፍታም ያየች አገር አለችና። ቱርክን ማለቴ ነው። ሕዝቧ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ሕገ መንግሥቷ ደግሞ ሴኩላር፣ ማለትም ሃይማኖትንና መንግሥትን የለየ ነው። እስቲ ታሪኳን አብረን እንየውና ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሩ ሲዘጋ

ማርች 3 ቀን 1924 የአንካራው ምክር ቤት በአንድ ቀን ሦስት ትልልቅ ሕጎች አጸደቀ። በአንደኛው ኸሊፋነት ተሻረ። በሁለተኛው የሸሪዓና የአውቃፍ ሚኒስቴር ፈርሶ በምትኩ «ዲያነት» የተባለ የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሦስተኛው የአገሪቱ ትምህርት ሁሉ በአንድ ሚኒስቴር ሥር እንዲጠቃለል ያዘዘ ነበር። ለዘመናት ዓሊም ሲያወጡ የኖሩት መድረሳዎች የተዘጉት ይህን ሕግ ተከትሎ ነው።

ሚዛናዊ እንሁንና ሕጉ ዲንን ጨርሶ አላባረረም። ኢማምና ኸጢብ የሚያሠለጥኑ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ፣ በዩኒቨርሲቲም የዲን ጥናት ፋኩልቲ እንዲኖር ያዝዝ ነበር። በዚያው ዓመት 29 የኢማም ሐቲፕ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ነገር ግን እስከ 1930 ድረስ አንድም አልቀረም። ፋኩልቲውም በ1933 ተዘጋ።

ሌላውም ለውጥ ተከታተለ። በ1928 የመንግሥቱ ሃይማኖት እስልምና ነው የሚለው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ወጣ። በዚያው ዓመት ፊደሉ ከዐረብኛ ወደ ላቲን ተቀየረ፤ ልጅ አያቱ የጻፉትን ደብዳቤ ማንበብ የማይችልበት ዘመን መጣ። ከ1932 እስከ 1950 ድረስ አዛን የሚባለው በቱርክኛ ነበር። በ1930ዎቹ የዲን ትምህርት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ወጣ። በ1937 ደግሞ ሴኩላርነት ራሱ በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ።

ውጤቱ አንድ ትውልድ ሳያልፍ ታየ። በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ እነዚህን ሕጎች ባወጣው ፓርቲ ውስጥ ሳይቀር፣ በየገጠሩ ሬሳ አጥቦ፣ ከፍኖ፣ የጀናዛ ሶላት የሚያሰግድ ሰው እየጠፋ ነው የሚል ስሞታ ተሰማ። አስቡት እስቲ። ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ መስጂዱም ቆሟል፤ ነገር ግን አባቱ ሲሞት ልጁ ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም።

ታዲያ ዲኑ ጠፋ? አልሐምዱሊላህ፣ አልጠፋም። በዲያነት ሥር ጥቂት የቁርኣን ማስተማሪያዎች ቀርተው ነበር። ከነሱ ይልቅ ብዙውን ሸክም የተሸከሙት ግን ቤቶች ናቸው። ልጆቻቸውን ማታ ማታ «አሊፍ፣ ባ» ያስቆጠሩ እናቶች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸውን አጭር አጭር ሱራ ያስሐፈዙ አያቶች ናቸው። በየመንደሩ ተሸሽገው ያስተማሩ ሸይኾች ናቸው። ሱለይማን ሒልሚ ቱናሃን (1888–1959) የኢስታንቡል መድረሳ መምህር ነበሩ፤ መድረሳው ሲዘጋ ማስተማራቸውን አላቆሙም፣ በዚህም ሳቢያ ከአንድ ጊዜ በላይ ታስረዋል። ሰዒድ ኑርሲ (በ1960 የሞቱት) ባርላ ወደምትባል ራቅ ያለች መንደር ተግዘው የጻፉት ጽሑፍ፣ ማተሚያ ቤት ሳያየው፣ ገበሬዎችና እናቶች በእጃቸው እየገለበጡት ከመንደር ወደ መንደር ተዳርሷል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን በድብቅ ቁርኣን የተማረ ልጅ ምን ያገኝ ነበር? ሰርተፍኬት የለም። ነጥብ የለም። ሥራ የለም። ሰው አያጨበጭብለትም። ሊያገኝ የሚችለው ነገር ቢኖር ቅጣት ነው። ቢሆንም ተማረ። ኒያው ከምንም ነገር ጋር ሊደባለቅ የማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ነበረ።

ይህን ስል መከራን እያሞካሸሁ አይደለም። የተረፉትን ቆጥረን ያልተረፉትን መርሳት የለብንም። አንድ ቤት እናቲቱ ቁርኣን ታውቅ ነበርና ልጁ ዳነ። ጎረቤቱ ያለው ቤት ግን እናቲቱም አታውቅም፣ ሸይኽም በአካባቢው የለም፤ ልጁ ፋቲሓን ሳይቀራ አደገ፣ ሳይቀራም ሞተ። የእሱን ስም ማንም አልጻፈውም። በር መዝጋት በደል ነው። ሰው ጌታውን እንዳያውቅ መከልከል በደል ነው፤ ጥቂቶች በግድግዳው ሾልከው መውጣታቸው ግድግዳውን ትክክል አያደርገውም።

በሩ ሲከፈት

ከዚያ በኋላ በሩ ቀስ በቀስ ተከፈተ። በ1949 ወላጅ በጽሑፍ ከጠየቀ ለ4ኛና ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች የዲን ትምህርት እንዲሰጥ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በአንካራ ዩኒቨርሲቲ የዲን ጥናት ፋኩልቲ ተከፈተ። በ1951 ኢስታንቡልን፣ አንካራንና ኮንያን ጨምሮ በሰባት ከተሞች የኢማም ሐቲፕ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሥራ ጀመሩ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ቁርኣን፣ ዐረብኛ፣ ፊቅህና ሐዲስ ይማራል፤ ጎን ለጎንም ሒሳብ፣ ኬሚስትሪና ታሪክ ይማራል። ሰዒድ ኑርሲ ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የነበረው ነገር ከዚህ የራቀ አልነበረም። የዲን ዕውቀትና የዘመኑ ሳይንስ በአንድ ጣሪያ ሥር ካልተገናኙ፣ አንዱ ወደ ጭፍንነት ሌላው ወደ ጥርጣሬ ይወስዳል ብለው ያስተምሩ ነበር። እኔም በሁለቱም በር ያለፍኩ ሰው ነኝና ይህ አባባላቸው ልቤ ውስጥ ገብቷል።

እህቶቼ ይህንን ልብ በሉ። በ1976 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሴቶች ልጆች በኢማም ሐቲፕ መማር እንደሚችሉ ወሰነ። ኢማም እንደማይሆኑ እየታወቀ ለምን ይማራሉ የሚል ክርክር ነበር። መልሱ ቀላል ነበር፤ ዲን የሚማረው ለሥራ ብቻ አይደለም።

በ1982 የወጣው ሕገ መንግሥት ከዚያ አልፎ ሄደ። በአንቀጽ 24 «የሃይማኖት ባህልና የሥነ ምግባር ዕውቀት» የተባለው ትምህርት ግዴታ ሆነ። ሴኩላር ሕገ መንግሥት ያለው አገር፣ በወታደራዊ አገዛዝ ሥር በተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ የዲን ትምህርትን ግዴታ አደረገ። ታሪክ እንዲህም ነው።

ከዚያ ነፋሱ እንደገና ዞረ። በ1997 ጦር ሠራዊቱ መንግሥትን ባስጨነቀበት ወቅት የኢማም ሐቲፕ የመካከለኛ ደረጃ ክፍሎች ተዘጉ። ተመራቂዎቻቸውም ከራሳቸው መስክ ውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክቱ ውጤታቸው የሚቀንስበት ስሌት ተበጀ። ከ500 ሺህ በላይ የነበረው የተማሪ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 ሺህ በታች ወረደ። በ2012 ደግሞ መካከለኛው ደረጃ ተመልሶ ተከፈተ፤ ቁርኣንና የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት በተራ ትምህርት ቤቶችም በምርጫ የሚወሰዱ ትምህርቶች ሆኑ። የኢማም ሐቲፕ ተማሪዎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን አለፈ። የአገሪቱ መሪ ራሳቸው ከኢማም ሐቲፕ የወጡ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ያ በመጀመሪያ ያነሳነው ቁጭት የሚመኘው ሁሉ ተሟላ። መጽሐፉ አለ። መምህሩ ደመወዝ ይከፈለዋል። ክፍሉ ይሞቃል። ፈተናውም ነጥብ አለው። ምን ሆነ?

ብዙ መልካም ነገር ሆነ፤ መካድ አይቻልም። ቁርኣን የሐፈዙ፣ ዐረብኛ የተማሩ፣ ከድሃ ቤተሰብ ወጥተው ትልቅ ደረጃ የደረሱ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በ2018 በቱርክ አንድ ክርክር አደባባይ ወጣ። ከወጣቶች መካከል፣ በኢማም ሐቲፕ የሚማሩትን ጨምሮ፣ ወደ ዴይዝም ማለትም «ፈጣሪ አለ፤ ሃይማኖት ግን አያስፈልግም» ወደሚል አመለካከት የሚያዘነብሉ አሉ ተባለ። የዲያነት መሪ ሐሳቡን አጥብቀው ተቃወሙ። ሌሎች ደግሞ «አይተናል» አሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብዙ ነው የሚለው ለእኛ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው፣ ጥያቄው መነሳቱ ራሱ ነው። አያቱ በተሸሸገ ክፍል ውስጥ የተማረው ዲን፣ የልጅ ልጁ በሞቀ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲማረው እንዴት ልቡን ሳይነካው ሊያልፍ ቻለ?

ያልቀናው ነገር ምን ነበር?

የእኔ መልስ ይህ ነው። መንግሥት ስለ ዲን የሚታወቀውን ሊያስተምር ይችላል። ዲኑን ለልብ ሊሰጥ ግን አይችልም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዉዱእ አርካን ስንት ነው ተብሎ ተጠይቆ በትክክል የመለሰ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ያው ልጅ ከክፍል ሲወጣ ያ መምህር ሶላት ሲያሳልፍ ካየ፣ ወይም ዘበኛውን ሲያመናጭቅ ከሰማ፣ በዚያ ቀን የተማረው ትልቁ ትምህርት የቱ ነው? ልጆች የምንነግራቸውን በጆሮ፣ የምንሆነውን በዓይን ይማራሉ። ዓይን ደግሞ አይረሳም።

ሌላም ነገር አለ። ዲን ከሥልጣን ጋር ሲታሰር፣ ወጣቱ በሥልጣን ላይ የሚያኮርፈውን ኩርፊያ ወደ ዲኑ ያዞረዋል። ባለሥልጣን ሲዋሽ ያየ ልጅ «እነዚህ ናቸው ዲን የሚያስተምሩኝ?» ይላል። ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ ዋጋ የሚከፍለው ግን ዲኑ ይሆናል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የቀደምት ዓሊሞቻችን ያውቁት ነበር። በ833 የዐባሲዱ ኸሊፋ አል-መእሙን፣ ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አመለካከት ዓሊሞች በግድ እንዲቀበሉ ፈተና አቋቋመ። ይህ የሆነው በሴኩላር መንግሥት አልነበረም፤ በኸሊፋ እጅ ነው። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል (ረሒመሁላህ) አልቀበልም ብለው ታሰሩ፤ በተከታዩ ኸሊፋ በአል-ሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። ዛሬ ሙስሊሙ በክብር የሚያነሳው የማንን ስም ነው? የተገራፊውን ነው።

ኢማም ማሊክ (ረሒመሁላህ) ደግሞ በክብርም ተፈትነዋል። ኸሊፋው «ሙወጦእ» የተባለውን ኪታባቸውን አስገልብጦ ሕዝቡ ሁሉ በእሱ ብቻ እንዲሠራ ሊያዝ ሐሳብ እንዳቀረበላቸው በታሪክ ተዘግቧል። የትኛው ደራሲ ነው እንዲህ ያለ ነገር ቀርቦለት የሚመልሰው? እሳቸው መለሱት። ሰሓቦች በየአገሩ ተበትነዋል፣ ሕዝቡም ከእነሱ የተቀበለው ዕውቀት አለውና ተዉት አሉ። የገዛ ኪታባቸው በሰው ላይ በሥልጣን እንዳይጫን የከለከሉት ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው። ሱብሓነላህ!

በዲን ማስገደድ እንደሌለ አላህ በሱረቱል በቀራ ነግሮናል። ይህን አንቀጽ ሌሎች እኛን እንዳያስገድዱን ስንፈልግ ብቻ እናነሳዋለን። በራሳችን ላይም ይሠራል። በ2007 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አንድ የዓለዊ እምነት ተከታይ አባት በቱርክ ላይ ያቀረቡትን አቤቱታ ተመልክቶ ፈርዶላቸዋል። ግዴታ የሆነው ትምህርት የቤተሰቤን እምነት ወደ ጎን ትቶ የሱኒውን ብቻ ያስተምርብኛል፣ ልጄም ነፃ አልተደረገችም ነበር አቤቱታው። በዓለዊዎች እምነት እንስማማ አንስማማ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው። አንተ አናሳ በሆንክበት አገር ልጅህ የሌላውን እምነት ተምራ፣ ተፈትና፣ ነጥብ እንድታመጣ ብትገደድ ምን ይሰማሃል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለራሳችን የምንወደውን ለወንድማችን ካልወደድን ኢማናችን እንዳልተሟላ አስተምረውናል። ፍትሕን ደግሞ ከወንድማችን ላልሆነ ሰውም እንድንሰጥ ታዘናል። ለእኛ ሲሆን መብት፣ ለሌላው ሲሆን ቅንጦት የሚሆን ፍትሕ የለም።

በእኛም አገር ይህ ሚዛን ይሠራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መሰጠት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ አንዳንድ ጊዜ እንደ መከልከል ይሰማናል። በሌላ በኩል ግን የእኛን ልጆች ከሌላው ስብከት የሚጠብቅ አጥርም ነው። የአጥሩን ጥቅም እየፈለግን አጥሩን ልንረግም አንችልም።

ታዲያ መንግሥት ሙሉ በሙሉ ይውጣ?

«እንግዲያው መንግሥት ምንም አይንካ፤ ለሸይኹና ለወላጅ ይተው» የሚል ካለ፣ ያም ብቻውን በቂ አይደለም። ሴኔጋልን እንይ። እሷም ሴኩላር ሪፐብሊክ ናት፤ ሕዝቧ ከዘጠና በመቶ በላይ ሙስሊም ነው። እዚያ «ዳራ» የሚባሉ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ከመንግሥት እጅ ውጭ ኖረዋል፤ ታላላቅ ሰዎችንም አፍርተዋል። ነገር ግን ከእነዚህ መካከል በአንዳንዶቹ ሕፃናት ቆርቆሮ ይዘው በከተማ መንገድ ላይ እየለመኑ ገንዘብ ለአስተማሪው እንዲያመጡ ይደረጋል። በ2005 ልጆችን በግድ ማስለመን የሚከለክል ሕግ ወጥቷል፤ ልመናው ግን በሕጉ ብቻ አልቆመም። ልጅ በቁርኣን ስም ሲራብና ሲገረፍ «የመንግሥት ጉዳይ አይደለም» ማለት አማናን መብላት ነው።

ስለዚህ ድርሻውን እንለይ። የመንግሥት ድርሻ ጊዜና ቦታ አለመንፈግ ነው፤ ልጅን ከሚጎዳው መጠበቅ ነው፤ ማንንም ሳያስገድድ፣ ማንንም ሳይከለክል መንገዱን ክፍት ማድረግ ነው። የዓሊሞች ድርሻ በአማና ማስተማር ነው። ልብን ማሳመን ግን የማንም ባለሥልጣን ድርሻ አይደለም። ያ ከአላህ ነው፤ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ዲኑን በሚኖር ሰው በኩል ነው።

ሐዲሱ ልጅ ሁሉ በፊጥራ ላይ እንደሚወለድ ከነገረን በኋላ፣ ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚወስዱት ወላጆቹ መሆናቸውን ይናገራል። ሱልጣኑን አልጠቀሰም። የትምህርት ሚኒስትሩንም አልጠቀሰም።

ሱረቱ ሉቅማንን ስትቀሩ አስተውሉ። አንድ አባት ልጁን አስቀምጦ እየመከረው ነው። በአላህ እንዳያጋራ ይነግረዋል። የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ነገር እንኳ ከአላህ እንደማትሰወር ይነግረዋል። ሶላትን፣ ትዕግሥትን፣ በሰው ላይ አለመኩራትን፣ አረማመድን፣ የድምፅን ልክ ሳይቀር ያስተምረዋል። ከተውሒድ እስከ አረማመድ፤ ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ክፍሉ ግን አንድ አባትና አንድ ልጅ ብቻ ያሉበት ነው። ሦስት ጊዜ «ልጄ ሆይ» እያለ በፍቅር ይጠራዋል። ይህ «ልጄ ሆይ» የሚለው ቃል በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ሊታተም አይችልም። ከአንደበት ብቻ ነው የሚወጣው።

ዲን ለልብ የሚሰጠው ጥያቄን በመስማትም ነው። አንድ ወጣት ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ዝሙት እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። ሰዎቹ ተቆጡት። እሳቸው ግን አቀረቡት፤ አስቀመጡት። ለእናትህ ትወደዋለህ? ለእህትህስ? እያሉ በእርጋታ ጠየቁት። እጃቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉለት። ዛሬ ያ ወጣት በእኛ መድረሳ ቢመጣ ምን እንለው ነበር? በእኛ ትምህርት ቤትስ ስንት ነጥብ እናስቀንስበት ነበር? ጥያቄውን ውጦ ዝም ያለ ልጅ አምኗል ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዝም ብሎ ሄዷል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ፣ ወደ አንቺ

ወንድሜ፣ እህቴ! ቱርክን ያየነው ለመፍረድ አይደለም። በሩ የተዘጋበትም ልጅ፣ በሩ የተከፈተለትም ልጅ ነገ አላህ ፊት የሚቀርበው ለየብቻው ነው። አንደኛው «በሩ ተዘግቶብኝ ነበር» ቢል ዑዝር ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ምን ይላል? እኔና አንተስ? በኪሳችን ባለው ስልክ ሙሉ ቁርኣን ከነተፍሲሩ፣ የታላላቅ ዓሊሞች ደርስ፣ ሐዲስ ከነማብራሪያው አለ። የባርላ ገበሬ በኩራዝ ብርሃን በእጁ የገለበጠውን ዓይነት ጽሑፍ እኛ በአንድ ጣት እናልፈዋለን። የእኛ ችግር የተዘጋ በር አይደለም። በሩ ላይ ቆመን ሌላ ነገር እያየን ነው።

በዚህ አገር መንግሥት ዲን አያስተምረንም። አያቶቻችንም መንግሥት አላስተማራቸውም። የወሎ ደረሳ ስንቁን ቋጥሮ፣ ስንት ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ሸይኹ ዘንድ ይደርስ ነበር። የመንደሩ ሰው ከማጀቱ ቆርሶ ያበላው ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም ነጥብ አልሰጠውም። እኛ ዛሬ «አሊፍ» ብለን የጀመርነው ያ ሰው ስላልተወው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ሦስት ነገር እንሞክር።

አንደኛ፣ «ለጊዜው» ብለን የተውነውን እንቀጥል። ከቆምንበት ሱራ፣ ካቆምነው ኪታብ። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶህ ከሕፃናት ጋር ተጅዊድ ለመማር መቀመጥ አያሳፍርም። ሳያውቁ አውቃለሁ ማለት ነው የሚያሳፍረው።

ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው እናስተምር። ታናሽ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። አንዲት አጭር ሱራ ከነትርጉሟ። እናታችን ፊደል ሳትቆጥር አድጋ ከሆነ፣ በእሷ እግር ሥር ተቀምጠን ፋቲሓዋን በፍቅር እናቃናላት። አስተማሪ ለመሆን ዓሊም እስክንሆን አንጠብቅ፤ የምናውቀውን ብቻ እናስተምር፣ የማናውቀውን ለሚያውቁት እንተው።

ሦስተኛ፣ ኒያችንን እንመርምር። በቂያማ ቀን በመጀመሪያ ከሚተሳሰቡት መካከል ዓሊም ተብሎ ለመጠራት የተማረ ሰው እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ይህ ሐዲስ በእጃችን ያለውን ስልክም ይመለከታል። ለሰው ማሳያ ያነበብነው አያህ ስንት ነው? ማንም ሳያየን ያነበብነውስ?

ልጆቻችን ነገ ዲኑን የሚወርሱት ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አይደለም። የእኛን ሶላት አይተው፣ የእኛን ንግግር ሰምተው፣ ስንቆጣ ምን እንደምንል ታዝበው ነው። እኛ መጽሐፋቸው ነን። ምን ተጽፎብናል?

ያ አላህ! የሚጠቅመንን ዕውቀት ስጠን፤ በሰጠኸንም ዕውቀት አስጠቅመን። ዲናችንን ለአንተ ብለን የምንማር፣ በእርጋታና በፍቅር የምናስተምር አድርገን። በድብቅም በግልጽም ቃልህን ጠብቀው ላደረሱን ሸይኾቻችን፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን እዘንላቸው። በየትኛውም አገር አንተን እንዳያውቁ በር ለተዘጋባቸው ልጆች በሩን ክፈትላቸው። ለተከፈተልን ለኛ ደግሞ ልባችንን ክፈትልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍን ማንበብ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶላዋት ማብዛት አንርሳ።

ወሏሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ!